ኤሚል ፊሸር፤ የሥጋችንን ሰንሰለት የፈታው ሊቅ

እሑድ ጠዋት በጎንደር ፒያሳ ላይ ለተቀመጠ ሰው የሚታየው ነገር ብዙ ነው። ቅዳሴ ያበቃላቸው ነጫጭ ለባሾች ከየደብሩ እየተመለሱ ያዘግማሉ፤ በፖስታ ቤቱ አጠገብ ሊስትሮው ሣጥኑን በብሩሹ እያንኳኳ ደንበኛ ይጣራል፤ ቆሎ ሻጯ ገብሱን ከሽምብራው ጋር ደባልቃ በትንሽ ጣሳ ትሰፍራለች፤ ከዳባት ወይም ከደባርቅ የመጣ አንድ ደገኛ የበግ ጠጕር በርኖሱን በትከሻው ላይ ጥሎ ያልፋል። እኛም አንዲት ጠረጴዛ ይዘን ቡና በወተት አዝዘን ተቀምጠናል። የወተቱ ስልባቦት በስኒው አፍ ላይ ተጋግሯል፤ በአጠገባችን ያለው ሰው ደግሞ የእንቁላል ፍርፍሩን በትኵሱ ይዞታል።

ስልባቦቱ፣ በእሳት የረጋው የእንቁላል ነጭ፣ የጫማው ቆዳ፣ የደገኛው በርኖስ፣ የጣሳው ሽምብራ፣ ይህንንም ሁሉ የሚያየው ዐይናችንና ብዕር የያዘው ጣታችን ሳይቀሩ በአንድ ነገር የሚዛመዱ መሆናቸውን ስንት ሰው አስቦት ያውቃል? ያ የሚያዛምዳቸው ነገር ፕሮቲን ይባላል። ስሙ የወጣለት በ1838 ሲሆን ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ ትርጕሙም ቀዳሚ ወይም አንደኛ እንደ ማለት ነው። ቡናው ግን የሚያነቃን በፕሮቲን ሳይሆን በሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ካፌይን ነው። የካፌይንን አሠራር ፈትቶ ያሳየው ሰውና የፕሮቲንን ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት በገዛ እጁ መቀጠል የጀመረው ሰው ግን አንድ ሰው ነው። አገሩ ጀርመን፣ ስሙ ኤሚል ፊሸር ነው።

እኛ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ አልቆየንም። ፊሸርን በትምህርት ቤት ያወቅነው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በምትሣል መስቀል መሳይ ምልክት ነበር። የፊሸር አሣሣል ትባላለች፤ ለፈተና አጠናናት፣ ከፈተናም በኋላ ረሳናት። ሰውየው አባቱን እንዳሳዘነ፣ ሚስቱን በወጣትነቷ እንደ ቀበረ፣ ጦርነት ልጆቹን እንደ ነጠቀው ግን ማንም አልነገረንም። ስለዚህ ዛሬ ሰውየውን ከምልክቱ ለይተን ለአንባቢዎቻችን ለማስተዋወቅ አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ለንግድ ያልተፈጠረው ልጅ

ኤሚል ፊሸር ከኮሎኝ ብዙ በማትርቅ ኦይስኪርሸን በምትባል ትንሽ ከተማ ኦክቶበር 9 ቀን 1852 ተወለደ። አባቱ ብርቱ ነጋዴ ነበር። ቤቱ በሴቶች ልጆች የተሞላ፣ ወንዱ ግን ኤሚል ብቻ ስለ ነበረ ንግዱን የሚወርሰው እርሱ መሆኑ በአባቱ ዘንድ ያለቀለት ጉዳይ ነበር። ልጁም በ1869 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በቦን ከተማ በመልካም ውጤት እንደ ፈጸመ ወደ እንጨት ንግድ ገባ።

ዳሩ ግን ሐሳቡ እንደ ታቀደው አልሆነም። የወጣቱ እጅ በሒሳብ መዝገቡ ላይ፣ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር። በንግድ ቤቱ ውስጥ የምትመች ቦታ ፈልጎ የኬሚስትሪ ሙከራ ያካሂድ ጀመር። አባትየው ጥቂት ከታገሠ በኋላ ልጁ ለነጋዴነት እንደማይበቃ፣ እንግዲያው ተማሪ ቢሆን እንደሚሻል ፈረደበት። በእኛ አገር ለእርሻ አልሆን ያለ ልጅ ለየኔታ እንደሚሰጥ ማለት ነው።

በ1871 በቦን ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ጀመረ፤ በማግሥቱ ዓመት ወደ ስትራስቡርግ ተሻገረ። ልቡ ወደ ፊዚክስ ያዘነብል ነበር፤ ነገር ግን የአጎቱ ልጅ ኦቶ ፊሸር ጐትቶ በኬሚስትሪ አስቀረው። በዚያም አዶልፍ ፎን ባየር ከተባለው ስመ ጥሩ መምህር እጅ ወድቆ በ1874 የዶክተርነት ማዕርጉን ተቀበለ። ዓመት ሳይሞላም በአጋጣሚ አንድ አዲስ ንጥረ ነገር አገኘ፤ እርሱም ፊኒል ሃይድራዚን ይባላል።

ይህ ስሙ ለአፍ የማይመች ነገር የፊሸር ሀብቱም መርዙም ሆነ። ሀብቱ እንዲህ ነው፤ በዚያ ዘመን ስኳሮችን የሚመረምር ኬሚስት በእጁ የሚይዘው እንደ ማር የሚዝለገለግ፣ አልጠራ አልደርቅ የሚል ፈሳሽ ነበርና አንዱን ስኳር ከሌላው መለየት እጅግ ያስቸግረው ነበር። ፊኒል ሃይድራዚን ሲጨመርበት ግን ስኳሩ የጠራ ቢጫ ጠጣር እየሆነ ይወርዳል፤ ማንነቱም ይታወቃል። መርዙ ደግሞ ይህ ነው፤ ፊሸር ያለ መከላከያ ለዓመታት ሲነካውና ሲያሸተው ኖሮ ጤናውን አቃወሰበት። ሳይንስ የምትከፍለውን ያህል ታስከፍላለች።

በ1883 አንድ ትልቅ የጀርመን የቀለም ፋብሪካ የምርምር ክፍሉን እንዲመራለት ጠየቀው። ደመወዙ የሚያጓጓ ነበር። ፊሸር ግን እምቢ ብሎ በማስተማር ሥራው ጸና። ለዚህ ያበቃው ሌላ ማንም አልነበረም፤ ለንግድ አትሆንም ብሎ ያሰናበተው አባቱ ነበር። ሽማግሌው ነጋዴ ልጁ የማንንም እጅ ሳያይ በምርምሩ እንዲኖር የሚያስችለውን ገንዘብ ሰጥቶት ነበር። አባት ልጁን ያልተረዳው መስሎ ተረድቶታል ማለት ነው።

የቡናው ምስጢር

ፊሸር ከ1882 ጀምሮ የያዘው ጉዳይ ለተራ ሰው እርስ በርሱ የማይገናኝ ይመስላል። በአንድ በኩል በሽንትና በወፍ ኵስ ውስጥ የሚገኘው ዩሪክ አሲድ አለ፤ ሪህ የሚባለውን የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያመጣ እርሱ ነው። በሌላ በኩል ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው ካፌይን፣ ካካዎ ውስጥ ያለው ቴዎብሮሚን አሉ። ፊሸር እነዚህ ሁሉ ከአንድ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች መሆናቸውን ደረሰበት፤ ለግንዱም ፑሪን የሚል ስም አወጣለት። በ1895 ካፌይንን ከቡና ሳይሆን ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ራሱ ሠራው፤ በ1898 ደግሞ ግንዱን ፑሪንን ሠርቶ አሳየ። ከጊዜ በኋላ እንደ ታወቀው የሰው፣ የእንስሳትና የዕፅዋት ዘር በሚተላለፍበት ጽሕፈት ውስጥ ካሉት አራት ፊደሎች ሁለቱ የዚሁ የፑሪን ቤተ ሰቦች ናቸው። እንግዲህ የቡናችን ካፌይን ለዘራችን ፊደል የሩቅ ዘመድ ነው።

የስኳሮቹንም ነገር በ1884 እና በ1894 መካከል ከዳር አደረሰው። በ1890 ግሉኮስን ራሱ ሠራ፤ በማግሥቱ ዓመትም በግሉኮስ ውስጥ አቶሞቹ በየትኛው አቅጣጫ እንደ ቆሙ ለይቶ ወሰነ። ተማሪዎች የሚሥሏት መስቀል መሳይ ምልክት የመጣችው ከዚህ ሥራ ነው።

ቁልፍና ጓጉንቸር

በ1894 ፊሸር አንድ ነገር አስተዋለ። ከግሉኮስ የተሠሩ ሁለት ነገሮች ነበሩት፤ ሁለቱም በአቶም ብዛትና ዐይነት እኩል ናቸው፤ ልዩነታቸው በአንዲት ቦታ ላይ የአንዱ ክፍል በአንድ ወገን፣ የሌላው በሌላ ወገን መቆሙ ብቻ ነው። ከእርሾ የተገኘው ኤንዛይም አንደኛውን ብቻ ይሰብራል፤ ከለውዝ የተገኘው ኤንዛይም ደግሞ ሁለተኛውን ብቻ። ኤንዛይም ማለት በሕያዋን አካል ውስጥ ሥራን የሚያፋጥን፣ እርሱ ግን የማያልቅ ሠራተኛ ነው፤ ሊጡን የሚያቦካው፣ ጠላውን የሚያፈላው፣ የበላነውንም ምግብ የሚያደቅቀው እርሱ ነው።

ፊሸር ይህን ሲያስረዳ ኤንዛይሙንና የሚሰብረውን ነገር በቁልፍና በጓጉንቸር መሰላቸው። የቁልፉ ጥርስ አንዱ ቢጣመም በሩ አይከፈትም። ይህ ምሳሌ ዛሬም በዓለም ሁሉ ትምህርት ቤቶች ይነገራል። በኋላ የመጡ ሊቃውንት ጓጉንቸሩ ደረቅ ብረት ሳይሆን ቁልፉ ሲገባበት ጥቂት የሚተጣጠፍ መሆኑን ጨምረው አስረድተዋል፤ ቢሆንም መሠረቱ የእርሱ ነው። ኤንዛይም ራሱ ፕሮቲን መሆኑ የተረጋገጠው ግን እርሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ ጄምስ ሰምነር የተባለው አሜሪካዊ በ1926 አንዱን ኤንዛይም አጥርቶ አሳየ።

ፊደልና ሰንሰለት

ፊሸር በ1892 የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ነበር። ከ1899 ጀምሮ ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር፣ ወደ ፕሮቲን ዞረ። በዚያ ዘመን ፕሮቲን እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ፣ ሲሞቅ የሚረጋ፣ ለመመዘንም ለማጥራትም የማይመች ነገር ነበር። ከሊቃውንቱ ብዙዎች አሠራሩን ማወቅ ከሰው ዐቅም በላይ ይመስላቸው ነበር። ፕሮቲን በአሲድ ሲቀቀል አሚኖ አሲድ ወደሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች እንደሚፈርስ ታውቋል፤ ክፍሎቹ እንዴት ተያይዘው እንደ ነበር ግን አልታወቀም። የፈረሰ ቤት ድንጋይ ተቈጥሮ ቤቱ ምን ይመስል እንደ ነበር ያልታወቀ ያህል ነው።

ፊሸር መጀመሪያ ድንጋዮቹን የሚለይበት አዲስ ዘዴ አወጣ፤ በዚህም ዘዴ በ1901 ፕሮሊን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ከወተት ፕሮቲን ውስጥ አገኘ። ከዚያ ማፍረሱን ትቶ መገንባት ጀመረ። በዚያው ዓመት ሁለት አሚኖ አሲዶችን አያይዞ ከሁሉ አጭር የሆነውን ሰንሰለት ሠራ። በሴፕቴምበር 1902 በካርልስባድ ከተማ በተደረገው የጀርመን የሳይንስና የሕክምና ሊቃውንት ጉባኤ ላይ፣ የአንዱ አሚኖ አሲድ ራስ ከሌላው ጅራት ጋር ውሃ እየለቀቀ እንደሚያያዝ አስረዳ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ጉባኤ፣ ፍራንስ ሆፍማይስተር የተባለው ሌላ ሊቅ በራሱ መንገድ ሄዶ ያንኑ ሐሳብ አቅርቧል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለፊሸር የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ሽልማቱ ግን ስለ ስኳሮቹና ስለ ፑሪን ሥራው ነበር፤ ፕሮቲኑ ገና መንገድ ላይ ነበር።

በ1907 ሰንሰለቱ 18 አሚኖ አሲድ ደረሰ። እያንዳንዱን ቀለበት ለመጨመር ብዙ ድካም፣ ብዙም ወጪ ነበረበት። በዚያው ዓመት ከማዳጋስካር የመጣ የሸረሪት ድር መርምሮ እርሱም ከእነዚሁ አሚኖ አሲዶች የተሠራ ፕሮቲን መሆኑን አሳየ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ አባቶቻችን የድሩን ኬሚስትሪ አያውቁም ነበር፤ ነገር ግን የፕሮቲንን ነገር ከዚህ በተሻለ የሚገልጽ ቃል እኛ አናውቅም። አንዱ አሚኖ አሲድ ብቻውን ደካማ ነው፤ ሲያያዝ ግን ጅማት፣ ጥፍር፣ ቀንድ፣ ጡንቻ ይሆናል።

ሰንሰለቱ ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ፕሮቲን የሚጻፍባቸው አሚኖ አሲዶች 20 ናቸው። ሁለቱን ብቻ ለማያያዝ 400፣ ሦስቱን ለማያያዝ 8,000 ልዩ ልዩ መንገድ አለ። ተራው ሲለወጥ ትርጕሙ እንደሚለወጥ በራሳችን ፊደል እንመልከት። ነከሰ የሚለውን ቃል ከኋላ ወደ ፊት ብናነበው ሰከነ ይሆናል። ፊደሎቹ ያው ሦስቱ ናቸው፤ አንዱ ግን የውሻ ሥራ ነው፣ ሌላው የጨዋ ጠባይ ነው። ፕሮቲንም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ተራ ሲደረደር በደም ውስጥ ኦክስጅን ይሸከማል፣ በሌላ ተራ ሲደረደር በሽታን የሚከላከል ዘብ ይሆናል፣ በሌላም ሲደረደር የስኳርን መጠን የሚቆጣጠር ኢንሱሊን ይሆናል።

ፊሸር በዚህ ሥራው አልታበየም። የሠራው ሰንሰለት ገና እውነተኛ ፕሮቲን እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። በአንድ ነገርም ተሳስቷል፤ ፕሮቲኖች ዛሬ የምናውቀውን ያህል ግዙፍ መሆናቸውን ይጠራጠር ነበር። ታላቅ ሰው ሁሉን ያወቀ ማለት አይደለም፤ ትክክለኛውን መንገድ የጠረገ ማለት ነው።

የቤቱ ሐዘን

ፊሸር አግነስ ጌርላህ የተባለችውን የአንድ ፕሮፌሰር ልጅ ያገባው በ1888 ነበር። ያ ዓመት ለጎንደር የመከራ ዓመት ነው፤ ደርቡሾች ከተማይቱን የዘረፉትና አብያተ ክርስቲያናቷን ያቃጠሉት በዚያ ዓመት መጀመሪያ ነው። የፊሸር መከራ ደግሞ ከሰባት ዓመት በኋላ መጣ። በ1895፣ ካፌይንን በሠራበት በዚያው ዓመት፣ አግነስ ሦስት ወንዶች ልጆች ጥላ ሞተች። ሌላ ሚስት አላገባም፤ በላቦራቶሪውና በልጆቹ መካከል ኖረ።

በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። በዚያ ዓመት 93 የጀርመን ምሁራን የአገራቸውን ጦር በመደገፍ ለዓለም ያወጡትን መግለጫ ፊሸርም ፈረመ፤ ይህ ከታሪኩ ሊፋቅ አይገባም። ዕውቀቱንም ለአገሩ የምግብና የጥሬ ዕቃ ችግር አዋለ። ጦርነቱ ግን ውለታ አያውቅም። አንዱ ልጁ በጦርነቱ ሞተ፤ ሌላው የግዴታ ወታደርነቱ መንፈሱን ሰብሮት በ25 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። የቀረለት ሄርማን ብቻ ሆነ። አገሩ ተሸንፋ፣ ጤናው ተሟጦ፣ በካንሰር ታምሞ፣ ፊሸር ጁላይ 15 ቀን 1919 በ66 ዓመቱ በበርሊን አረፈ።

ሄርማን የአባቱን ሞያ ወርሶ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የባዮኬሚስትሪ ፕሮፌሰር እስከ መሆን ደረሰ፤ በ1960 ሞተ። ሽማግሌው ነጋዴ ንግዱን የሚወርስለት ልጅ አጣ፤ ልጁ ግን ላቦራቶሪውን የሚወርስለት አገኘ።

ከእርሱ በኋላ የቀጠሉት

እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሳንገር ኢንሱሊን በሁለት ሰንሰለት የተደረደሩ 51 አሚኖ አሲዶች መሆኑን ፊደል በፊደል አንብቦ በ1955 ጨረሰ፤ በ1958 የኖቤል ሽልማት አገኘ። አሜሪካዊው ላይነስ ፖሊንግና ጓደኞቹ ሰንሰለቱ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ሊጠቀለል እንደሚችል በ1951 አሳዩ። ማክስ ፔሩትስና ጆን ኬንድሩ የደምንና የጡንቻን ፕሮቲን ቅርጽ አውጥተው በ1962 ተሸለሙ። በ1957 ደግሞ ማጭድ መሰል የደም ሕዋስ የሚያመጣው ብርቱ በሽታ በሂሞግሎቢን አንዱ ሰንሰለት ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ በሌላ በመተካቷ ብቻ እንደሚመጣ ታወቀ። አንዲት ፊደል ተሳስታ ሰው ዕድሜ ልኩን ይታመማል።

በጠረጴዛችን ላይ ያለው የእንቁላል ፍርፍርም ከዚህ ትምህርት አይወጣም። ጥሬው የእንቁላል ነጭ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ የሆነው ሰንሰለቶቹ በሥርዐት ተጠቅልለው ስለ ተቀመጡ ነው። እሳት ሲነካቸው ይፈታሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይተበተባሉ፤ ፈሳሹ ነጭ ጠጣር ይሆናል። ሰንሰለቱ አልተቈረጠም፤ የጠፋው ቅርጹ ነው። ቅርጹ ሲጠፋም ሥራው ይጠፋል። ሰንሰለቱ ከፊደሎቹ ተነሥቶ ምን ቅርጽ እንደሚይዝ አስቀድሞ ማወቅ ለብዙ ዓመታት ሊቃውንትን ሲያደክም ኖሮ በ2020 በኮምፒዩተር ታላቅ እርምጃ ታየ፤ ለዚህና በተፈጥሮ የሌሉ አዳዲስ ፕሮቲኖችን ለመንደፍ ሥራም የ2024 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጠ። ፊሸር በ18 ቀለበት የጀመረው ሰንሰለት እዚህ ደርሷል።

በእኛ ገበታ

ይህ ሁሉ ለጎንደር ሰው ምን ይረባዋል የሚል ቢኖር መልሱ በቆሎ ሻጯ ጣሳ ውስጥ ነው። ከ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች ዘጠኙን ሰውነታችን ራሱ መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት። ጤፍ፣ ገብስና ስንዴ ከዘጠኙ አንዱ የሆነው ላይሲን ያንሳቸዋል። ሽምብራ፣ ባቄላና ምስር ላይሲን አላቸው፤ እነርሱ ደግሞ ሜቲዮኒን የሚባለው ያንሳቸዋል፤ ይህም በእህሉ ይሞላል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። እንጀራ በሽሮ፣ የገብስ ቆሎ ከሽምብራ፣ በደጋው ገብስና ባቄላ፣ እነዚህ ሁሉ እናቶቻችን ፊሸር ከመወለዱ በፊት በገበታ ላይ የፈቱት ጥያቄ ናቸው።

ዳሩ ግን ጡት የተወ ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እንጀራው እንጂ ወጡ አይደለም። ሽሮው ይቃጥለዋል ይባላል፤ እንቁላሉ ለገበያ ይሄዳል፤ ወተቱም ለእንግዳ ይቀመጣል። እግሩ የሚያብጥ፣ ጠጕሩ የሚሳሳ፣ ፊቱ የሚያዝን ሕፃን የሚታየው በዚህ ዕድሜ ነው። የዚህ በሽታ ምክንያት በፊት የፕሮቲን ማነስ ብቻ ይመስል ነበር፤ ዛሬ ግን ሌላም የምግብ ጉድለትና ተላላፊ በሽታ እንደሚጨመርበት ታውቋል። በ1954 በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችንና ነርሶችን አሠልጥኖ ወደየገጠሩ የላከው እንዲህ ያለውን በሽታ ከሥሩ ለመከላከል ነበር። በ1960ዎቹ በአገራችን የተሠራው የሕፃናት ዱቄትም እህልን፣ ጥራጥሬንና ወተትን አንድ ላይ ያደረገ ነበር፤ ስሙም ፋፋ ተባለ።

እኛ በበኩላችን ከፊሸር ሕይወት ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛው፣ ለአንድ ሥራ አልሆንም ያለ ልጅ ለምንም አይሆንም ማለት እንዳልሆነ ነው፤ ይህን ወላጆች ያስቡበት። ሁለተኛው፣ ታላቅ ነገር የሚሠራው ትንሹን ከትንሹ ጋር በትዕግሥት በማያያዝ መሆኑ ነው። ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይጨምር፤ ዛሬ ምሳ ሲቀርብ ሽሮው በርበሬ ሳይገባበት ለሕፃኑ ተቀንሶ ይቀመጥለት፤ እንቁላሉም አንድ ቀን ከገበያ ይቅርና ልጁ ይብላው።

ቡናችን ቀዝቅዟል፤ ስልባቦቱ ግን አሁንም በስኒው አፍ ላይ ነው። አንሥተን በላነው።